ጡት ያልጣለ ልጅ የነበራት ሰማዕት

አራስ ቤት | ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት

ልጄ አራት ወር ሞልቶታል። ሌሊት ሦስት ጊዜ ይነሣል፤ እኔም በአንድ እጄ እርሱን ይዤ በሌላው ስልኬ ላይ አነባለሁ። ሰሞኑን የያዘኝ የካርቴጅዋ ሰማዕት የፐርፔቱዋ ታሪክ ነው። ያደግሁት ገድል ሲነበብ እየሰማሁ ስለ ሆነ የሰማዕታት ነገር እንግዳዬ አይደለም። ይህ ግን ለየት ይላል፤ የምትናገረው ራሷ ናት። ወህኒ ቤት ሆና፣ ለአውሬ ሊሰጧት ቀናት ሲቀሯት በገዛ እጇ ጽፋዋለች።

ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 203፣ የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ሴፕቲሚዩስ ሴቬሩስ፣ ቦታው ዛሬ የቱኒስ ዳርቻ የሆነችው ካርቴጅ ናት። ፐርፔቱዋ ዕድሜዋ 22 ገደማ ነው፤ የጨዋ ልጅ፣ የተማረች፣ ባለ ትዳር። ጡት ያልጣለ ወንድ ልጅ አላት። አብረዋት የተያዙት ሬቮካቱስና ፌሊሲታስ የተባሉ ባሪያዎች፣ ሳቱርኒኑስና ሴኩንዱሉስ ናቸው። ሁሉም ገና ንዑሰ ክርስቲያን ነበሩ፤ ፐርፔቱዋ መጠመቋን የምትነግረን ከተያዘች በኋላ ነው። ያስተማራቸው ሳቱሩስ ሲያዙ አብሯቸው አልነበረም፤ በኋላ በፈቃዱ ሄዶ እጁን ሰጠ።

አባቷ ክርስቲያን አልነበረም፤ ግን ይወዳታል። መጥቶ ተዪው አላት። እርሷም አጠገባቸው ያለ ማሰሮ አሳይታ፣ ይህን ዕቃ ከማሰሮ ሌላ ስም ልታወጣለት ትችላለህ ወይ አለችው። አልችልም አለ። እንግዲያው እኔም ከሆንኩት ከክርስቲያን በቀር ሌላ ልባል አልችልም ብላ መለሰች። በዚህ ቃል ተናዶ ዓይኗን ሊያወጣ ተወረወረባት። ከዚያ ለጥቂት ቀናት ሳይመጣ ስለ ቀረ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ ትላለች። እዚህ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ከአባቷ ጋር ተጨቃጭቃ የማታውቅ ብቻ ትፍረድባት።

ወህኒው ሌላ ነው። እንደዚያ ያለ ጨለማ አይታ አታውቅም፤ ፈራች፤ መፍራቷንም አልደበቀችም። ሙቀት፣ የሰው ግፊያ፣ ገንዘብ የሚጎረጉሩ ወታደሮች። ከሁሉ በላይ ግን የሚያንገበግባት የልጇ ነገር ነበር። ቴርቲዩስና ፖምፖኒዩስ የተባሉ ሁለት ዲያቆናት ለጠባቂዎች ከፍለው እስረኞቹ ለጥቂት ሰዓት ወደ ተሻለው ክፍል እንዲወጡ አደረጉ። በረሃብ የዛለውን ልጇን ያጠባችው እዚያ ነው። በኋላ ልጁ አብሯት እንዲቆይ ሲፈቀድላት ወህኒው ድንገት ቤተ መንግሥት ሆነልኝ፣ ከዚያ ሌላ የትም መሆን አልፈለግሁም ብላ ጻፈች።

ለፍርድ በቀረበች ጊዜ አባቷ ሕፃኑን ታቅፎ መጣና ከቆመችበት ደረጃ ሳባት። ለልጅሽ እዘኚ አላት። ዳኛው ሂላሪያኑስም ይህንኑ ደገመ፦ ለአባትሽ ሽበት፣ ለልጅሽ ሕፃንነት እዘኚ፤ ለነገሥታቱ ደኅንነት መሥዋዕት አቅርቢ። አላቀርብም አለች። ክርስቲያን ነሽን? ክርስቲያን ነኝ። ለአውሬ ተፈረደባት።

ነገሩን ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ስለ ዳኛውም ስለ አውሬውም አልጠየቀችም። «ሕፃኑን ከዚያ በኋላ ማን አጠባው?» አለችኝ። እኔም መልስ አጣሁ። የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ ሰማዕትነትን አከብራለሁ። ይህን ልጅ ጭኔ ላይ አስተኝቼ ሳስበው ግን ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። ጡት የሚጠባ ልጅን ትቶ መሞት ድፍረት ይባላልን?

ዲያቆኑ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል

እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ። ጥያቄሽን ሳነብ ወዲያው የታወሰችኝ ቅድስት ኢየሉጣ ናት። ቂርቆስ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። ከፈላው ውኃ ፊት ባቆሟቸው ጊዜ እናትየዋ የፍላቱን ድምፅ ሰምታ ፈራች፤ ያበረታት ልጇ ነው። በየዓመቱ ሐምሌ 19 ይህንኑ እናስባለን። እናትና ልጅ አብረው ጸኑ፣ ሁለቱም አክሊል ተቀበሉ። ስለዚህ አንቺ ያነሣሽው ጥያቄ እዚያ አይነሣም።

ፐርፔቱዋ ግን አፍ ያልፈታ ልጅ ነበራት። የሚያበረታት ሳይሆን አንጀቷን የሚበላት ልጅ። ለእኔ ይህ ከፈላው ውኃ የሚቀል ፈተና አይደለም።

ሰማዕት የሚለውን ቃል አስቢው። ምስክር ማለት ነው። ምስክር ችሎት ፈልጎ አይዞርም፤ ተጠርቶ ሲጠየቅ ያየውን ይናገራል። እርሷ ሞትን አልመረጠችም። አንድ ጥያቄ ተጠየቀች፤ በሁለት ቃል መለሰች። ሁለቱን ቃል ብትለውጥ ኖሮ የሐሰት ምስክር ትሆን ነበር።

ደግሞ የመጀመሪያ ራእይዋን አልጠቀስሽውም። እስከ ሰማይ የሚደርስ የነሐስ መሰላል አየች፤ ጠባብ ነው፣ አንድ አንድ ሰው ብቻ ያስወጣል። ግራና ቀኙ ሰይፍ፣ ጦርና መንጠቆ ተሰክቶበታል፤ አሻቅቦ ሳያይ በቸልታ የሚወጣ ሰው ሥጋው ይቦጨቃል። ከግርጌው ዘንዶ ተኝቷል። የዘንዶውን ራስ እንደ መጀመሪያ እርከን ረግጣ ወጣች። ላይ ስትደርስ ሰፊ የአትክልት ቦታ፣ በመካከሉም የእረኛ ልብስ የለበሰ ሽበታም ሰው በጎች ሲያልብ አገኘች። እንኳን ደኅና መጣሽ ልጄ ብሎ ከሚያልበው አይብ ቆርሶ ሰጣት። እጇን አጣምራ ተቀበለች፤ በዙሪያው የቆሙት አሜን አሉ። ስትነቃ ጣፋጭ ነገር እያኘከች ነበር። የሚያጠባ ልጅ ያላት ሴት በሰማይ የተቀበለችው ከወተት የተገኘ ነገር መሆኑን ልብ በዪ። ሥርዓቱ ቁርባን ነው፣ ማዕዱ የእናት ነው።

ነገር ፈታኙ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ዲያቆን፣ ስብከቱ ያምራል። እኔ ግን ሁለት ነገር አልገባኝም። አንደኛ፣ ጽሑፉ የእርሷ መሆኑ በምን ታወቀ? በኋላ የመጣ ጸሐፊ አስመስሎ ቢጽፈውስ? ሁለተኛ፣ የተጠየቀችው ለንጉሡ ጥቂት መሥዋዕት እንድታቀርብ ነው። በልቧ ክርስቶስን ይዛ፣ በእጇ የታዘዘችውን ፈጽማ፣ ልጇን ታቅፋ ወደ ቤቷ መሄድ አትችልም ነበርን? በደርግ ዘመን አባቴ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ መፈክር ያሰማ ነበር፤ ማታ ማታ ደግሞ ዳዊት ይደግማል። በዚህ ምክንያት አባት ኖሮኝ አደግሁ። አባቴን ከሃዲ ልበለውን?

የታሪክ መምህር | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ለመጀመሪያው ጥያቄ፦ ጽሑፉ በላቲንና በግሪክ ይገኛል፤ የግሪኩ ቅጂ በኢየሩሳሌም የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1889 ነው። ሦስት እጅ ሠርቶበታል። መግቢያውንና የመጨረሻውን የግድያ ትረካ ያዘጋጀው ስሙ ያልተገለጸ ሰው ነው፤ መካከሉ የፐርፔቱዋ ማስታወሻ፣ ቀጥሎም የመምህሩ የሳቱሩስ ራእይ ነው። የአዘጋጁ ቋንቋ ያሸበረቀ፣ የእርሷ ደግሞ አጭርና እርቃኑን የቆመ ነው። እስከ ጨዋታው ዋዜማ ያደረግሁት ይህ ነው፣ በዕለቱ የሚሆነውን የፈለገ ይጻፈው ብላ ብዕሯን ታስቀምጣለች። የሚጠራጠሩ ሊቃውንት የሉም አልልም፤ አብዛኞቹ ግን የእርሷ ነው ይላሉ። እንግዲያው በክርስቲያን ሴት ከተጻፉትና እኛ ዘንድ ከደረሱት ጽሑፎች ሁሉ ቀዳሚው ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከበድ ይላል። የሮም መንግሥት የልብን ነገር አይጠይቅም ነበር። ለንጉሠ ነገሥቱ ደኅንነት መሥዋዕት ማቅረብ ግብር ከመክፈልና ባንዲራ ከመስቀል ጋር የሚቆጠር የታማኝነት ምልክት ነው። ከእርሷ 90 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ንጉሠ ነገሥት ትራጃን ለአገረ ገዢው ለፕሊኒ የሰጠው መመሪያ ይህን ያሳያል፦ ክርስቲያኖችን እያደናችሁ አትያዙ፤ ተከሰው ሲቀርቡ የካደና ለአማልክት የሠዋ ይለቀቅ፤ እምቢ ያለ ይቀጣ። ስለዚህ ሂላሪያኑስ የእርሷን ሞት የተጠማ አልነበረም። ማምለጫ በር ከፍቶላታል፤ ያውም ደጋግሞ።

ወንድሜ ያልከውን መንገድ የመረጡ ክርስቲያኖች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ250 ንጉሠ ነገሥት ዴክዩስ ሁሉም ሰው እንዲሠዋ ባዘዘ ጊዜ፣ በዚችው በካርቴጅ ብዙ ሕዝብ ሠዋ። ሳይሠዉ የሠዉ የሚያስመስል የምስክር ወረቀት በገንዘብ የገዙም ነበሩ። በኋላ ተጸጽተው ሲመለሱ ጳጳሱ ቆጵርያኖስ እንዴት እንቀበላቸው በሚል ጭንቅ ውስጥ ገባ። ቤተ ክርስቲያን በመጨረሻ በንስሐ መልሳ ተቀበለቻቸው። አባትህን ከሃዲ የሚልህ ሰው ቢኖር ይህን ታሪክ አሳየው።

አባት ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በሮም ሕግ አባት በልጆቹ ላይ የነበረው ሥልጣን ታላቅ ነው። ይህ ሽማግሌ ግን በሁለተኛው ጊዜ ሲመጣ እጇን እየሳመ እግሯ ሥር ወደቀ፤ ልጄ ማለቱን ትቶ እመቤቴ አላት። ለዘመኑ አንባቢ ከአውሬው ይልቅ የሚያስደነግጠው ይህ ነበር ብል አላጋነንኩም።

የተገደሉትም ለማን ክብር እንደ ሆነ ታውቃላችሁ? ለንጉሠ ነገሥቱ ታናሽ ልጅ ለጌታ የልደት በዓል። (ስሙ ሆኖ ነው፤ እኛ ጌታ ከምንለው ጋር አታምታቱት።) ይህ ልጅ እ.ኤ.አ. በ211 መጨረሻ በወንድሙ በካራካላ ትእዛዝ በእናቱ እቅፍ ውስጥ ተገደለ። ዕድሜው 22 ነበር። ወንድሙ ስሙን ከየድንጋዩ አስፈቀፈቀ። የፐርፔቱዋ ገድል ግን የልደት በዓሉን እየጠቀሰ እስከ ዛሬ ይነበባል።

አዋላጇ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

የምሽት ተረኛ ነኝ፤ ክፍሉ ጸጥ ሲል ገብቼ ነው። መምህር ስለ ነገሥታት ሲነግሩን እኔን የያዘኝ የጡቱ ነገር ነው።

አራስ ቤት፣ የሚቀጥለውን ገጽ ሳታዪው አልቀረሽም። ከፍርዱ በኋላ ዲያቆኑን ፖምፖኒዩስን ልካ ልጄን አምጡልኝ አለች። አባቷ ልጁን አልሰጥም አለ። ከዚያ ወዲያ ልጁ ጡት አልፈለገም፤ የእርሷም ጡት አላቃጠላትም። በልጄ ሐሳብና በጡቴ ሕመም እንዳልሰቃይ እግዚአብሔር እንዲህ ፈቀደ ትላለች። ይህን ዓረፍተ ነገር ወንድ አልፈጠረውም። በድንገት ማጥባት ያቋረጠች እናት ጡቷ ያግታል፣ ይደድራል፣ ብዙ ጊዜ ትኩሳት ይከተላል። በዚያ ጨለማ ቤት ከሞት ፍርድ ጋር ስለ ጡት ሕመም የሚያስብ ያለፈበት ብቻ ነው። ነገር ፈታኙ ጽሑፉ የእርሷ መሆኑን በምን እንወቅ ብሎ ነበር። እኔ በዚህ አወቅሁ።

ፌሊሲታስ ደግሞ ስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሕጉ ነፍሰ ጡር እንዳትገደል ይከለክላል። ደስ ሊላት ይገባ ነበር ትሉ ይሆናል፤ እርሷ ግን ጓደኞቼ ቀድመውኝ እኔ በኋላ ከወንበዴዎች ጋር ብቻዬን ልሞት ነው ብላ አዘነች። ሁሉም አብረው ጸለዩ፤ ወዲያው ምጥ መጣ። ስታቃስት አንድ የወህኒ አገልጋይ አላገጠባት፦ ዛሬ እንዲህ የጮኽሽ አውሬ ፊት ምን ልትሆኚ ነው? ዛሬ የምሠቃየው እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ስለ እርሱ ስለምሠቃይ እርሱ በውስጤ ሆኖ ስለ እኔ ይሠቃያል አለችው። በምጥ መካከል ይህን ያህል የተናገረች ሴት በሥራ ዘመኔ አላጋጠመችኝም። እኔ የማውቃቸው ባሎቻቸውን ነው የሚረግሙት።

ሴት ልጅ ወለደች።

ባሕር ማዶ | ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት

ሥራ የምጨርሰው አሁን ስለ ሆነ ይቅርታ። ያለሁት ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ ነው፤ የሰው ቤት እሠራለሁ።

ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አዋላጇ እስክትመጣ ድረስ ሁላችሁም ስለ ባለጸጋዋ ልጅ ነው የምታወሩት። የእርሷ ልጅ አያት አለው፣ አጎት አለው፣ ቤት አለው። ባሪያይቱ ፌሊሲታስ ግን ማን አላት? አባቷ መጥቶ እግሯ ላይ አልወደቀም። ልጄን አምጡልኝ ብላ የምትልከው ሰው አልነበራትም። ማስታወሻም አልጻፈችም፤ ታሪኳን የምናውቀው ሌሎች ስለ ነገሩን ነው።

ባሪያ አይደለሁም፤ ደመወዝ አለኝ። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ፓስፖርቴ በእጄ አልነበረም። ልጄን ትቻት የመጣሁት በስምንት ወሯ ነው፤ እህቴ ታሳድጋታለች። እህቴን እማዬ ትላለች፤ እኔን በስሜ ትጠራኛለች። የፌሊሲታስንም ሕፃን አንዲት እህት ወስዳ እንደ ልጇ አሳደገቻት ይላል። ስለዚህ አራስ ቤት፣ ልጅን ትቶ መሄድ ድፍረት ነው ወይ ላልሽው እኔ መልስ የለኝም። አንዳንዷ ሴት መምረጥ እንኳ እንደ ቅንጦት ነው የሚቆጠርላት። ፌሊሲታስ ግን የመረጠችው አንድ ነገር አለ፤ እርሱንም ማንም አልወሰደባትም። እኔ የምወድዳት ለዚህ ነው።

አራስ ቤት | ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት

እህቴ፣ እውነትሽን ነው። ሁለት ሌሊት ሙሉ ፌሊሲታስን ዘልያት አልፌያለሁ። ምክንያቱም ራሴን ያየሁት በፐርፔቱዋ ውስጥ ነው፤ ቤት ያለኝ፣ እናት ያለችኝ፣ የወሊድ ፈቃድ ላይ ያለሁ ሴት ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ባቡሩ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ስለ ቦታው ልጨምር። የአፍሪካ ልማት ባንክ መሥሪያ ቤቱን ከአቢጃን ወደ ቱኒስ አዛውሮ በነበረበት ጊዜ (ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ.) ባለቤቴ እዚያ ይሠራ ስለ ነበር ቱኒስ ኖሬያለሁ። ከመሀል ከተማው ተነሥቶ በሐይቁ ላይ አቋርጦ ካርቴጅን አልፎ እስከ ላማርሳ የሚሄድ አሮጌ ባቡር አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ እሄድ ነበር።

የትርዒት ሜዳው እንደ ሮሙ ኮሎሲየም ግርማ ያለው እንዳይመስላችሁ። ድንጋዩን ባለፉት ዘመናት ሰዎች ለቤት ሥራ ወስደውታል። የቀረው በዛፎች የተከበበ ጎድጎድ ያለ ሞላላ ሜዳና የመሠረቱ ግንብ ነው። በመካከሉ የካቶሊክ መነኮሳት ለፐርፔቱዋና ለፌሊሲታስ መታሰቢያ የሠሩት ጠባብ ቤተ ጸሎት አለ። ጎብኚ ብዙ አያቆምበትም፤ ሁሉም ወደ ባሕሩ ዳር መታጠቢያ ፍርስራሽ ይጣደፋል። እኔ ስሄድ ልጆች ኳስ ይጫወቱበት ነበር። መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ በኋላ ግን ሌላ ምን ሊደረግበት ይገባ ነበር ብዬ ተውኩት።

የታሪክ መምህር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት

ደስ የሚል ትዝታ ነው። አንድ እርማት ብቻ ይፈቀድልኝ፦ ገድሉ የሚናገረው በወታደሮች ሰፈር ስለ ተደረገ ትርዒት ነው። ስለዚህ አንዳንዶች የተገደሉት እርስዎ ባዩት ሜዳ ላይ ሳይሆን በጦር ሰፈሩ ሜዳ ነው ብለው ይከራከራሉ። የማያከራክረው ሌላ ነው፤ በካርቴጅ በተቆፈረ አንድ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1907 የሰማዕታቱ ስም የተቀረጸበት የእብነ በረድ ስብርባሪ ተገኝቷል። የአውግስጢኖስም ስብከቶች በበዓላቸው ቀን ገድላቸው በቤተ ክርስቲያን ይነበብ እንደ ነበር ይመሰክራሉ፤ ያውም ከሞቱ 200 ዓመት ካለፈ በኋላ።

ወንጌላዊው | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

እኔ ከሌላ ወገን ነኝ፤ ፐርፔቱዋን ግን በጣም እወድዳታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይከብደኛል። ዲኖክራተስ የሚባል ወንድሟ በሰባት ዓመቱ ፊቱ ላይ በወጣ ክፉ ቁስል ሞቶ ነበር። በራእይ አየችው፤ ተጠምቷል፣ የውኃው ገንዳ ግን ከቁመቱ በላይ ነው፤ እየተንጠራራ አይደርስበትም። ቀንና ሌሊት ጸለየችለት። እንደገና ስታየው የገንዳው ከንፈር እስከ እምብርቱ ዝቅ ብሏል፣ ቁስሉ ጠባሳ ሆኗል፣ በማይጎድል የወርቅ ጽዋ ጠጥቶ ጠግቦ እንደ ልጆች ሊጫወት ሄደ። ውብ ነው። ግን ለሞተ ሰው መጸለይን ከዚህ መማር እንችላለንን?

ዲያቆኑ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

ወንድሜ፣ እኛ ዘንድ ፍትሐትና ተዝካር የተለመደ ስለ ሆነ አይከብደንም። እንዲያውም ፍትሐትን የሚነቅፉ ሰዎች ይህን ታሪክ ዘልለውት ነው የሚያልፉት...

ወንጌላዊው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል

አልዘለልኩትም፤ እኔ ራሴ ነኝ ያነሣሁት! አውግስጢኖስም ቢሆን ይህ ጽሑፍ ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠር ስላልሆነ ትምህርተ ሃይማኖት ሊቆምበት አይገባም ብሏል።

ዲያቆኑ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

አውግስጢኖስ ይህን ያለው ስላልተጠመቁ ሕፃናት በተነሣ ሙግት ነው፤ ሌላ ነገር ላይ አታምጣው።

አስተባባሪ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ

ወንድሞች፣ ስለ ፍትሐት ሌላ ክር አለ፤ 340 መልስ ደርሷል፤ እዚያ ጠብቁን። እስከዚያው የሳቱሩስን ራእይ አንብቡ። ሰማዕታቱ ሞተው ወደ ሰማይ ሲገቡ ጳጳሱ ኦፕታቱስና ቄሱ አስፓስዩስ በደጁ ላይ ተለያይተው ቆመው አዝነው ያገኟቸዋል። አስታርቁን ብለው እግራቸው ላይ ይወድቃሉ። ፐርፔቱዋ በግሪክ ቋንቋ ታነጋግራቸዋለች። መላእክቱም፣ እነዚህን ተዉአቸው ይረፉበት፣ ጠብ ካላችሁ እርስ በርሳችሁ ይቅር ተባባሉ ብለው ይገሥጿቸዋል። ጳጳሱንም፣ ሕዝብህን አርም፣ ከፈረስ ግልቢያ በቡድን ተከፋፍሎ እንደሚመለስ ደጋፊ ነው ወደ አንተ የሚመጡት አሉት። በ203 ነው ይህ የተባለው።

ዲያቆኑ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል

ይቅር ለእግዚአብሔር።

ወንጌላዊው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ይቅር ለእግዚአብሔር። (ስለ አውግስጢኖስ ግን ልክ ነህ፤ ተመልሼ አየሁት።)

ነገር ፈታኙ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

መምህር ስለ አባቴ የጻፉትን ለወንድሞቼ አነበብኩላቸው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከእናንተ ጋር ግን አንድ ቦታ እለያያለሁ። እኔ የማዝነው ለአባቷ ነው። በችሎቱ ፊት ሊያስጥላት ሲታገል ዳኛው ጣሉት ብሎ አዘዘ፤ በበትር ተመታ። እርሷም እኔ የተመታሁ ያህል አመመኝ ትላለች። ከጨዋታው በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ሲመጣ ጺሙን እየነጨ በግንባሩ ተደፋ። ድፍረት የሌለው ሰው አልነበረም፤ ድፍረቱ የሚሄድበት ያጣ ሰው ነበር። ገድሉ ክፉ ሰው አላደረገውም፤ ለዚህ አመሰግናለሁ።

የወደድኩላትን ደግሞ ልንገራችሁ። የጠባቂዎቹ አለቃ ምግብና ዕረፍት ሲከለክላቸው ፊት ለፊት ምን አለችው? እኛ እኮ ለቄሣር ልደት የተመረጥን የክብር እስረኞች ነን፤ ወፍረን ብንወጣ ክብሩ የአንተ አይደለምን? አለቃው በኀፍረት ቀልቶ አያያዛቸው እንዲሻሻል አዘዘ። ይህች ሴት ብትኖር ከእርሷ ጋር ክርክር አልገጥምም ነበር።

አራስ ቤት | ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል

ዛሬ መጨረሻውን ለእናቴ አነበብኩላት። ልጁ በእርሷ ጭን ላይ ነበር።

ወደ ሜዳው ሲያስገቧቸው ወንዶቹን የጣዖቱን የሳቱርኑስን ካህናት፣ ሴቶቹን የጣዖቷን የሴሬስን አገልጋዮች ልብስ ሊያለብሷቸው ፈለጉ። ፐርፔቱዋ እምቢ አለች፦ ወደዚህ በፈቃዳችን የመጣነው ይህን ላለማድረግ አይደለምን? አለቃው ተወላት። መዝሙር እየዘመረች ገባች። ለወንዶቹ ነብር፣ ድብና የዱር እሪያ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ለሴቶቹ ደግሞ የምትዋጋ ላም። ይህን ሳነብ እናቴ «ላም?» ብላ አቋረጠችኝ። በሴትነታቸው ለማላገጥ ነው አልኳት። ዝም አለች።

ራቁታቸውን በመረብ ሸፍነው አቀረቧቸው። አንዷ ለጋ ወጣት፣ ሌላዋ ከጡቷ ገና ወተት የሚንጠባጠብ አራስ መሆኗን ያየ ሕዝብ፣ ደም ሊያይ የመጣ ሕዝብ፣ ዘገነነው። ተመልሰው ልብስ ለበሱ። ላሟ መጀመሪያ ፐርፔቱዋን ወግታ ጣለቻት። ተነሥታ ተቀመጠች፤ የተቀደደውን ቀሚሷን ስባ ጭኗን ሸፈነች። ከዚያ የጸጉሯን መርፌ ፈልጋ የተበተነውን ጸጉሯን አሠረች። በእነርሱም ዘንድ የተበተነ ጸጉር የኀዘን ምልክት ነበር፤ በክብሯ ቀን ያዘነች መምሰል አልፈለገችም። ከዚያ ተነሥታ የወደቀችውን ፌሊሲታስን አየች፤ ሄዳ እጇን ሰጥታ አነሣቻት። ሁለቱም ጎን ለጎን ቆሙ። ባሕር ማዶ፣ ይህን መስመር ሁለት ጊዜ ያነበብኩት ስለ አንቺ ነው።

በመጨረሻ እርስ በርስ የሰላም ሰላምታ ተሰጣጥተው ሰይፉን ጠበቁ። ሌሎቹ በዝምታ ተቀበሉ። የፐርፔቱዋ ገዳይ ግን ጀማሪ ነበር፤ ሰይፉ አጥንቷን መታ፤ ጮኸች። የሚንቀጠቀጠውን የልጁን እጅ ይዛ ወደ አንገቷ መራችው።

እናቴ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ልጁን ከጭኗ አንሥታ ሰጠችኝ፤ ርቦት ነበር። ከዚያ «ያ ገዳዩ ልጅ እናት የለውም?» አለች። ነገ ማሰሮው ካለበት ጀምሬ እንደገና እንዳነብላት አዛኛለች።